ከአብራሪው በስተቀኝ ያለው ወንበር

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ! ከኋላ ያላችሁ፣ ወንበር መጎተቱን ተዉትና ወዲህ ስሙ። ማይክራፎኑ አይሠራም። ይገርማችኋል፤ የአውሮፕላን ሞተር ፈትተው እንደ አዲስ የሚገጥሙ ሰዎች በሞሉበት ሃንጋር ውስጥ አንድ ማይክራፎን የሚያስተካክል ሰው ጠፋ። ግድ የለም፣ እኔ እንደሆንኩ ከሞተር ጋር እየተጯጯህኩ ነው ያረጀሁት፤ ድምፅ አላጣም።

ለምን እኔ እንድናገር እንደተመረጥኩ ታውቃላችሁ። ሌሎቹ አብራሪዎች ሲጠየቁ "እኛ ከጀመርን ማልቀሳችን ነው" አሉ። እኔ ግን አላለቅስም። እኔ ቂም አለብኝ። ይህቺ ፊት ለፊቴ አበባ ታቅፋ እንደ ሙሽራ የተቀመጠችው ሴትዮ የሥራ ዘመኔን እኩሌታ መሬት ላይ አስቀምጣኛለች። አብራሪ ተብዬ ከሰማዩ ይልቅ የዚህን ሃንጋር አግዳሚ ወንበር ነው የማውቀው።

መጀመሪያ የመጣችበትን ቀን ልንገራችሁ። ያኔ እኔ አዲስ አብራሪ ነበርኩ። ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ ጫማዬን ወልውዬ፣ ሰማዩ የአባቴ ርስት የሚመስለኝ ጊዜ ነበር። ትንንሽ አውሮፕላን ላይ ተሳፋሪ ሳይመዘን እንደማይሳፈር ታውቃላችሁ፤ እናም ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ተሳፋሪዎቼን እያስመዘንኩ ነው። አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ትልቅ የብረት ሳጥን አንጠልጥላ መጣች።

"እህቴ፣ እስቲ ሚዛኑ ላይ ይውጡ" አልኳት።

ወጣች።

"ሳጥኑንም ይዘው።"

ሳጥኑንም ይዛ ወጣች። የሚዛኑ መርፌ ሄደ፣ ሄደ፣ እምቢ አለ። "ይቅርታ እህቴ፣ ዛሬ ወይ እርስዎ ይሄዳሉ ወይ ሳጥኑ ይሄዳል" አልኳት። ደግሞ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲስቅልኝ ጮክ ብዬ ነው። ሳቁልኝም። እሷ ግን ከሚዛኑ ወረደች፣ ቀጥ ብላ ወደ አውሮፕላኔ ሄደች፣ የሞተሩን ኮፈን ከፈተች፣ እስከ ትከሻዋ ድረስ ገባችበት። ስትወጣ እጇ እስከ ክርኗ ዘይት ነው።

"ዛሬ አይበርም" አለች።

"ማን ነሽ አንቺ?"

"አዲሷ መካኒክ ነኝ። ሞተርህ ዘይት ይጥላል።"

"ሁልጊዜም ይጥላል! ጠባዩ ነው!"

"ቆይ" አለችኝ።

ይኸው ቆየሁ። እስከ ዛሬ እየቆየሁ ነው። "እትዬ ቆይ" የሚለው ስም የወጣላት በዚያው ዕለት ነው፤ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም አሁን የሚያውቁት የአስተዳደር ክፍል ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱም እርግጠኛ አይመስሉኝም።

በነገራችን ላይ፣ ወደ ሌላው ከማለፌ በፊት ዛሬ ለምን እንዲህ አፌ እንደመረረ ማወቅ አለባችሁ። ያ በር ላይ ቆሞ የምታዩት ነጭ አውሮፕላን ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ታድሶ ተመልሶ ተገጥሞለታል። ነገ ጠዋት ከእድሳቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነሳል። የገጠመው ግን እትዬ ቆይ አይደለችም። ምትኳ ዝምተኛው ነው፤ ያ ጥግ ላይ ብርጭቆውን ጨብጦ ጫማውን የሚያየው። ብቻውን ከላይ እስከ ታች ሞተር ሲገጥም የመጀመሪያው ነው። ነገ የሚያበርረውስ ማን ነው? እኔ! እናም ዛሬ ጠዋት እትዬን ጥግ ወስጄ "በናትሽ፣ አንዴ ብቻ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት" ብዬ ለመንኳት።

"አላይም" አለችኝ።

"እንዴት አታዪም?"

"ጡረታ ወጥቻለሁ።"

ሰማችሁ? ዕድሜ ልኳን "ቆይ፣ ልየው" ስትለኝ የኖረች ሴት፣ እንድታይልኝ የለመንኳት አንድ ቀን "አላይም" አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ የምትሰሙት ንግግር ከተቀየመና ከፈራ ሰው አፍ የሚወጣ ነው። አዎ፣ ፈርቻለሁ። እሷ እጇን ያላስገባችበት ሞተር ይዤ ከተነሳሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል።

እሺ፣ ወደ ወንጀሎቿ እንመለስ።

ሙሽራውን የምታስታውሱ አላችሁ? ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ሚዜዎቹን አስከትሎ የመጣው። ሙሽሪት ከወንዙ ማዶ እየጠበቀችው ነው። ሁሉም ተሳፍሯል፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ እኔ ፍሬን ልለቅ ነው። ይህቺ ሴትዮ ከሃንጋሩ ወጥታ ከፊቴ ቆመችና በእጇ አንገቷን የመቁረጥ ምልክት አሳየችኝ። ሞተር አጥፋ ማለቷ ነው። ለኛ ለሠራተኞቹ ይገባናል። ሙሽራው ግን አንዲት ቱታ የለበሰች ሴት አንገቱን እንደምትቆርጠው ስትነግረው ነው ያየው። ከአንደኛው ሚዜ የወጣውን ጩኸት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሙሽራው ዘሎ ወረደ። "ሰርጌ ነው እኮ! ሰርጌ!" አለ።

"ሰርግህ ይጠብቅሃል" አለችው፤ ቀና ብላም አላየችውም። "ይሄ ሞተር ድምፁ አላማረኝም። አንዱ አየር ማስገቢያ ቱቦ ላልቷል።"

"ላልቶ እስከ ዛሬ በርሮ የለም እንዴ?"

"እስከ ዛሬ እኔ አልሰማሁትማ።"

በጆሮዋ ነው እኮ! ቱቦውን ስትከፍተው ማሰሪያው በእርግጥ ላልቷል፤ በጣት ሲነኩት ይዞራል። ሙሽራው አርፍዶ ደረሰ፣ ሰርጉም ሆነ። በኋላ ትዳሩ አልሰመረም አሉ፤ አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝቶኝ "ምነው ያቺ ሴትዮ ጨክና እስከ ማታ አቆይታኝ ቢሆን" ብሎኛል። ይኸው እትዬ፣ መልእክቱን አደረስኩ።

የጨርቁስ ነገር? አዲስ የገባችሁት አታውቁትም። እዚህ ቤት መካኒኮች የሚጠርጉበት ቀይ ጨርቅ ጠዋት በቁጥር ይወጣል፣ ማታ በቁጥር ይመለሳል። የእሷ ሕግ ነው። ምክንያቱ ደግሞ እንደ እሷ አባባል "ሞተር እንደ ሰው ነው፣ አፉ ላይ ጨርቅ ከተወተፈ አይተነፍስም።" አቧራ እንዳይገባ ብሎ የአየር ማስገቢያው ላይ ጨርቅ ወትፎ የረሳ መካኒክ በዓለም ላይ ሞልቷል። አውሮፕላኑ ይነሳል፣ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ጉልበቱ ክድት ነው።

አንድ ቀን ማታ ሲቆጠር አንድ ጨርቅ ጎደለ። በሩን ዘጋችው። በቃ! ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። መካኒኩ ይፈልጋል፣ ሾፌሩ ይፈልጋል፣ ገንዘብ ያዧ በተረከዘ ረጅም ጫማዋ ከአውሮፕላን ሥር እየተንበረከከች ትፈልጋለች። የቀድሞው ሥራ አስኪያጃችን፣ ይኸው እዚህ አሉ፣ እንኳን መጡ ጋሼ፣ ንዴት በንዴት ሆነው መሃል ላይ ቆሙ። "ለአንዲት ቡትቶ የመሥሪያ ቤቱን ሰው ሁሉ ታስራለች እንዴ? የት አገር ነው ያለነው?" እያሉ ሲጮሁ ላብ አጠመቃቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ መሐረባቸውን አወጡ፣ ፊታቸውን ጠረጉ።

መሐረቡ ቀይ ነበር።

አትሳቁ! ጋሼ፣ እርስዎም አይሳቁ፣ እርስዎ እኮ ተከሳሽ ነዎት። እሷ ምን አደረገች? አልሳቀች፣ አልተቆጣች። ሄደች፣ ጨርቁን ከእጃቸው ተቀበለች፣ "ሞላ" አለች፣ በሩን ከፈተች። እኛ ሁላችን እዚያው ሆዳችንን ይዘን ቀረን።

ቀዩን መስመርማ ተዉት። አንድ ዳዶ በመፍቻ ጥብቅ ተደርጎ ካለቀ በኋላ ከዳዶው ወደ ሥሩ ብረት አንዲት ቀጭን ቀይ ቀለም ታሰምራለች። ዳዶው ቢላላ መስመሩ ይለያያል፤ ማንም አላፊ አግዳሚ ሊያየው ይችላል። ጥሩ ነው፤ ሌላም ቦታ ይደረጋል። ግን ሌላ ቦታ ሞተሩ ላይ ብቻ ነው የሚደረገው! አቶ ሥራ አስኪያጅ፣ የአሁኑን ማለቴ ነው፣ የቢሮ ወንበርዎን ገልብጠው አይተውት ያውቃሉ? ይዩት። የመጸዳጃ ቤታችን በር ማጠፊያ ላይ አለ። የአዳራሹ ግድግዳ ሰዓት ላይ አለ። ባለቤቷ ጋሼ መምህሩ እንደነገሩኝ የሻይ ፔርሙዙ ላይ አለ፣ የልጅ ልጃቸው አልጋ እግሮች ላይ አለ። አንድ ቀን ጋዜጣ ሊያነቡ መነጽራቸውን ሲያነሱ ማጠፊያው ላይ ቀይ ነጥብ አገኙ። "ምነው?" ሲሏት "ትላንት ላልቶ ነበር፣ አጠበቅኩት፤ አትነካካው" አለቻቸው። ጋሼ፣ እርስዎ ላይስ የት አካባቢ ነው ያሰመረችው? እሺ፣ እሺ፣ ተውኩት። የልጅ ልጆች አሉ።

እንግዲህ ቀዩ መስመር ከየት መጣ? አዲሶቹ ልጆች አብራ የተወለደች ይመስላችኋል። አይደለም። አብሯት የተወለደው "ቆይ" ማለት ብቻ ነው። መስመሩ የመጣው አንድ ክፉ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ስለዚያ ቀን እንዳላወራ አስጠንቅቃኛለች። "ከተናገርክ ተነስቼ እወጣለሁ" ብላኛለች። እትዬ፣ በሩ ጋ ዘበኛውን አቁሜዋለሁ፤ ተቀመጪ።

ያኔ እዚህ ከመጣች ጥቂት ዓመት ሆኗታል። መሥሪያ ቤቱ ሽልማት አዘጋጀ። ምን ሽልማት? የዓመቱ ጠንቃቃ ሠራተኛ! ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። እሷ የአውሮፕላኔን የነዳጅ ቱቦ እየገጠመች ነው። ዳዶውን በጣቷ አዙራ አስይዛዋለች፤ የቀረው በመፍቻ ጠበቅ ማድረግ ነው። መፍቻውን አነሳች። በዚህ ጊዜ ተላላኪው እየሮጠ መጣ።

"እትዬ፣ ቶሎ ነይ! እንግዶቹ ቸኩለዋል፣ ፎቶ አንሺው ቆሟል!"

"መጣሁ፣ ይቺን ላጥብቅ።"

"ኧረ በፈጣሪ፣ አሁን ነው የሚሉሽ!"

መፍቻውን ኪሷ ከተተች። ያን የቆሸሸ ቱታ አወለቀች፣ ንጹሕ ቱታ ለበሰች፣ መድረክ ላይ ወጣች፣ ተጨበጨበላት፣ ስለ ጥንቃቄዋ የምስክር ወረቀት ተቀበለች። ተመልሳ መጣች፣ ቱቦው በቦታው ነው፣ ዳዶው በቦታው ነው፣ ለዓይን የጎደለ ነገር የለም። ኮፈኑን ዘጋች፣ ፈረመች። እኔም አንዲት ነርስና የመድኃኒት ካርቶኖች ይዤ ተነሳሁ።

መሬት ላይ ሞተሩን ስሞክረው ሸጋ ነበር። ዛፎቹን አልፈን ከፍ ስንል አንዴ አስነጠሰ። ከዚያ ጉልበቱ ወረደ። ልብ በሉ፣ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ቀጥ ቢል ቢያንስ ቁርጤን አውቀው ነበር። ይሠራል፣ ግን አይጎትትም። ነዳጅ እሰጠዋለሁ፣ ያጉረመርማል፣ ይሰንፋል። ከፍታ የለኝም፣ ወደ ኋላ መዞሪያ የለኝም። ከፊቴ አንድ የጥቅል ጎመን ማሳ ነበር። እዚያ ውስጥ ገባን። መጨረሻ ላይ አንድ ጉቶ ተቀበለንና የሞተሩ ፊት እንዳለ ተጨፈለቀ። የነርሷ ክንድ ተሰበረ። ገበሬው ከሩቅ እየሮጠ ሲመጣ ሊያወጣን ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁለት። እሱ በአጠገቤ አልፎ "ስንቱን ጎመን ረገጣችሁት!" ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ነርሷን ያወጣናት ለጎመኑ ካዘነ በኋላ ነው፤ ደግ ሰው ነበር፣ ተራ ጠብቆ ያዝናል።

ከዚያ መርማሪዎች መጡ። ቱቦው ተበጣጥሷል፣ ዳዶው ጎመን ውስጥ ይሁን ገደል ውስጥ አልተገኘም፣ ሞተሩ ድፍጥጥ ብሏል። ስለዚህ ምን ቀረ? እኔ ቀረሁ። ነዳጁ በሁለቱ ክንፎች ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ ሲያልቅ ወደ ሌላው የሚቀይረው አብራሪው ነው።

"ከየትኛው ክንፍ ነዳጅ ነበር የምትጠቀመው?"

"ከግራው።"

"ወደ ሙሉው ቀይረህ ነበር?"

"ሙሉው ግራው ነበር።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"በጣም እርግጠኛ ነህ?"

ሰው ደጋግሞ ሲጠየቅ የገዛ ስሙን ይጠራጠራል። በሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ "ረስቼው ይሆን እንዴ?" ማለት ጀመርኩ። ቤት ስገባ አማቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ "ድሮም ነዳጅ መርሳት ልማዱ ነው፤ መኪናውንም መንገድ ላይ አቁሞብናል" ብላ ሳትጠየቅ መሰከረችብኝ። በማግስቱ የመርማሪዎቹም ፊት ተለወጠ። የአብራሪ ስህተት ሊባል ነው። ፈቃዴ ሊነጠቅ ነው። ባለቤቴ እርጉዝ ናት። ሌላ ሙያ የለኝም፤ አሁንም የለኝም።

የመጨረሻው ስብሰባ እዚሁ ነው የተደረገው፤ አሁን ብርጭቆ የደረደራችሁበት ቦታ ላይ። መርማሪው አፉን ሊከፍት ሲል ይህቺ ሴትዮ ያን የቆሸሸ ቱታ በክንዷ አንጠልጥላ ገባች። ከኪሱ መፍቻውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አብራሪው አልረሳም" አለች። "የረሳሁት እኔ ነኝ። የነዳጁን ዳዶ በእጄ ብቻ አስይዤ ነው የሄድኩት። መፍቻው ያን ዕለት ካወለቅኩት ቱታ ኪስ ውስጥ ነበር።"

መርማሪው ራሱ ደነገጠ። "እንዲህ ለማለት የሚያስገድድ ምንም ማስረጃ የለብሽም እኮ" አላት።

"እኔ እያለሁ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?" አለችው።

ከጀርባዬ አንድ ሰው "ምን አስለፈለፋት፣ ዝም አትልም?" ሲል ሰምቻለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም። ብቻ ዛሬ ሳህኑን ሁለቴ ሞልቷል።

ከዚያማ የመፈረም መብቷን ነጠቋት። ጠንቃቃዋ ሠራተኛ እንደ ጀማሪ የብረት ዕቃ በቤንዚን ስታጥብ ከረመች። ነርሷን ሆስፒታል እየሄደች ታይ ነበር፤ መጀመሪያ ነርሷ ፊቷን አዞረችባት፣ እሷ ግን መሄዷን አልተወችም። ያን የምስክር ወረቀት አልቀደደችውም። የመሣሪያ ሳጥኗ ግርጌ ላይ ዘይት እንዲመጥ አንጥፋዋለች፤ ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ስታስረክብ አይቼዋለሁ፣ ከስሟ በቀር የሚነበብ የለውም።

ተፈትና፣ አልፋ፣ መብቷ ሲመለስላት ደግሞ አብራሪዎቹ አደሙባት። "እሷ የነካችውን አናበርርም" አሉ። አትፍረዱባቸው፤ ጎመን ማሳ ሁልጊዜ አይገኝም። እሷ አልተከራከረችም። አንድ ሞተር ጨርሳ፣ ቀይ መስመሯን አስምራ፣ እጇን ታጥባ መጣችና ከአብራሪው በስተቀኝ ያለው ወንበር ላይ ወጥታ ቀበቶዋን አሰረች።

"ምን ልትሆኚ ነው?" አልኳት።

"እኔ የሠራሁት ሞተር መጀመሪያ ሲነሳ እኔም አለሁበት። አብሮኝ የሚነሳ ካለ ይምጣ።"

ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወጣሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ይህቺ ሴትዮ "ጠብቋል" ካለችኝ እንደጠበቀ፣ "ላልቷል" ካለችኝ እንደላላ አውቃለሁ። ከዚህ የበለጠ ስለ ሞተር ማወቅ የሚቻል አይመስለኝም።

ለካስ አንድ ነገር አልነገረችንም። ጎማው ከመሬት ሲላቀቅ ዓይኗን ጨፈነች። በሁለት እጇ ወንበሩን አንቃ ይዛዋለች። ሞተሩን በጥሞና እየሰማች መሰለኝ።

"እንዴት ነው ድምፁ?" አልኳት።

"ዝም በል" አለችኝ።

"ችግር አለ እንዴ?"

"የለም። ሊያስመልሰኝ ነው።"

አስመለሳትም። ይህቺ ሴትዮ መብረር አትችልም! ከወንበር ላይ ቆማ አምፖል መቀየር እንኳ ያዞራታል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጇ የወጣ ሞተር ሁሉ መጀመሪያ ሲነሳ እዚያች ወንበር ላይ ነበረች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ከረጢቷን ጉልበቷ ላይ ይዛ። ስንወርድ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ "ደህና ነው፣ ተሳፋሪ ጫን" ትለኛለች። መካኒኮቹም ሁሉ እያዩ የእሷን ልማድ ያዙ። አሁን እዚህ ቤት ሞተር የገጠመ ሰው ሳይሳፈር የመጀመሪያ በረራ የለም። ሌላ ቦታ ይህን ሳወራ አብዳችኋል ይሉናል።

እትዬ፣ አሁን ወደ አንቺ ልዙር። አበባውን አውርጂው፣ ፊትሽን ጋርዶታል።

ልጆቼን ያሳደግኩት አብራሪ ሆኜ ነው። ነዳጅ መቀየር ረስቶ ሰው ሊገድል ነበር የተባለ አባት ሆኜ ሳይሆን፣ አብራሪ ሆኜ። ዝም ብትዪ ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ራሴ እንኳ አላውቅም ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቴ "ረስቼው ይሆን?" ስል እኖር ነበር። ያን ቀን ካንቺ ፊርማና ካንቺ ስም በላይ የእኔን ስም አስበልጠሽ ተነሳሽ። እኔ ደግሞ ለዚህ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብዬሽ አላውቅም። ስንሰዳደብ ጊዜ አጣን። አመሰግናለሁ፣ እህቴ። በጣም አመሰግናለሁ።

አታልቅሺ። ላለማልቀስ የተዋዋልነው ሁለታችንም ነን። ጋሼ መምህር፣ መሐረብ ይስጧት እባክዎ። ቀይ አይሁን እንጂ የፈለጉትን።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ዛሬ ጠዋት ያን ነጭ አውሮፕላን "አላይም" ስትይኝ ቀጥለሽ ያልሽውን ለሰው አልነገርኩም። "እኔ ካየሁት ዝምተኛው ነገ በእኔ ዓይን ተማምኖ ነው የሚሳፈረው። በገዛ እጁ ተማምኖ ይሳፈር" አልሽኝ። "እኔስ በማን ልተማመን?" አልኩሽ። "እሱን ሂድና እየው" ብለሽኝ ትተሽኝ ሄድሽ። በጣም ተናደድኩ። እውነት ለመናገር ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነገ የምታመምበትን በሽታ እየመረጥኩ ነበር። የጀርባ ሕመም ጥሩ መስሎ ታየኝ።

ከዚያ ለፎቶ ስንሰበሰብ ዝምተኛው ጠፋ። ልጠራው ሄድኩ። ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የመጨረሻዎቹን ዳዶዎች እያጠበቀ ነው። "ና እንጂ፣ ሰው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው!" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? እያጠበቀ የነበረውን ተወው። ያጠበቃቸውንም፣ ቀይ መስመር የተሰመረባቸውንም ሳይቀር፣ አንድ በአንድ መልሶ ፈታቸው። ቀለሙን በጨርቅ ጠረገ። ከመጀመሪያው ዳዶ ጀመረ።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አልኩት።

"አቋረጥከኝ" አለኝ።

ይህቺን አንዲት ቃል ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እናንተ ፎቶ አንሺውን እየረገማችሁ ጸሐይ ላይ ቆማችሁ የጠበቃችሁት ለዚህ ነው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ መጨረሻው ድረስ አየሁት። ጨርቆቹን ቆጥሮ ሲመልስም አየሁት። እትዬ፣ አየሁት። ነገ ጀርባዬን አያመኝም።

ዝምተኛው፣ ነገ ጠዋት ቀኙ ወንበር ያንተ ነው። ልጆች እንዳሉህ አውቃለሁ፣ እኔም አሉኝ። ከረጢት ካስፈለገህ በኪሴ እይዛለሁ፤ የለመድኩት ነው።

አንቺ ደግሞ ስሚኝ። የመጨረሻው አውሮፕላን እስኪመለስ ድረስ ማኮብኮቢያው ጠርዝ ላይ ቆመሽ ሰማይ ሰማይ ስታዪ ራትሽ ስንት ጊዜ እንደቀዘቀዘ ጋሼ መምህሩ ነግረውኛል። ቤታችሁ ከምንነሳበት አቅጣጫ ሥር ነው፤ ጠዋት በላያችሁ ባለፍን ቁጥር ከእንቅልፍሽ ዘለሽ መስኮቱ ጋ እንደምትቆሚም ነግረውኛል። ስለዚህ ነገ እንዳትመጪ። አጥር ጥግ ተደብቀሽ ብትመጪም ዘበኛው እንዳያስገባሽ ተነግሮታል፤ እሱም አንዴ በሩን የዘጋሽበትን አልረሳም፣ በደስታ ነው የተቀበለኝ።

በሉ፣ ተነሱ። የያዛችሁትን አንሱ፤ ያልያዘ ባዶ እጁን ያንሳ። እግዚአብሔር ጤና ይስጥሽ። ከጋሼ መምህሩ ጋር ረጅም ዕድሜ፣ ትኩስ ራት፣ ያልተበተነ የልጅ ልጅ አልጋ ይስጥሽ። ነገ ማለዳ እኔና ዝምተኛው በቤትሽ ላይ እናልፋለን። አትነሺ። ከአልጋሽ ሆነሽ ስሚን። ድምፃችን ደህና ከሆነ ወደ ግድግዳው ዞረሽ እንቅልፍሽን ቀጥዪ።

ለእንቅልፍሽ፣ እትዬ!